የጉድጓድ ውሃ ኬሚስትሪን በፍሪክሲ ማስላት፦ ከስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጋር የሚደረግ ልምምድ

በዝዋይ፣ በመቂ ወይም በሻላ ዙሪያ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የውሃ ባለሙያ ውሃው ከመውጣቱ በፊት የሚያስጨንቀው ጥያቄ አለ፤ ፍሎራይዱ ስንት ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ከዚህ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። የሕፃናት ጥርስ መበለዝ፣ መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ላብራቶሪው ቁጥሩን ይሰጥዎታል። ቁጥሩ ለምን ያን ያህል ሆነ፣ ምን ቢደረግስ ይቀንሳል ለሚለው ግን ስሌት ያስፈልጋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የላብራቶሪ ውጤት በእጁ ላለ፣ ኮምፒውተር መክፈት ለሚችል፣ ነገር ግን የውሃ ኬሚስትሪ ሶፍትዌር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነው። የምንጠቀምበት ፕሮግራም ፍሪክሲ ይባላል። የሠሩት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባው ዴቪድ ፓርክኸርስትና ኔዘርላንዳዊው የውሃ ኬሚስት አፔሎ ናቸው። ቀዳሚው ፕሮግራም በ1980 በፎርትራን ተጽፎ ወጣ፤ ፍሪክሲ ራሱ በሲ ቋንቋ በ1995 ታተመ፤ ሦስተኛው እትም ደግሞ በ2013 መጣ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፕሮግራሙ በነጻ ይወርዳል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ስለዚህ ለወረዳና ለዞን የውሃ ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ የሚመች መሣሪያ አላውቅም።

የሚሠራውን በአጭሩ ልንገርዎት። ላብራቶሪ የሚሰጥዎት የካልሲየምን ጠቅላላ መጠን ነው። በውሃው ውስጥ ግን ካልሲየሙ ሁሉ ነጻ አዮን ሆኖ አይገኝም፤ ከፊሉ ከባይካርቦኔት፣ ከፊሉ ከካርቦኔት፣ ከፊሉ ከሰልፌት ጋር ተጣምሯል። ፍሪክሲ ይህን ክፍፍል ለሁሉም ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ ይፈታል። ከዚያ ተነስቶ ውሃው ማዕድናትን ገና የሚያሟሟ ይሁን ወይም ከመጠን በላይ ተሞልቶ ሊያዘቅጥ የተዘጋጀ ይነግርዎታል። ሲፈልጉ ደግሞ ጋዝ ቢገባበት፣ ጨው ቢጨመርበት፣ ከሌላ ውሃ ጋር ቢቀላቀል ምን እንደሚሆን ያሰላል።

መጫንና ዳታቤዝ መምረጥ

ፕሮግራሙን ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ ያውርዱ። ለዊንዶውስ ሳጥን በሳጥን እየሞሉ የሚሄዱበት ፍሪክሲአይ የተባለ እትም አለ፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል። ትእዛዞቹ በፕሮግራሙ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ ግን በአነባበባቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

ከጫኑ በኋላ የመጀመሪያው ውሳኔ ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዙ የማዕድናትና የአዮኖች የሚዛን ቋሚዎች የተመዘገቡበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አብረው የሚመጡት በርካታ ናቸው። ለተለመደ የጉድጓድ ውሃ በፕሮግራሙ ስም የተሰየመው ዳታቤዝ ይበቃል። አርሴኒክ፣ ዩራኒየም ወይም ሌላ በትንሽ መጠን የሚገኝ ንጥረ ነገር ካለብዎት ዋቴክ ፎር ኤፍ የሚባለውን ይመልከቱ። ለጨዋማ ውሃ ፒትዘር የሚባል አለ፤ ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን። ማንኛውንም ከመምረጥዎ በፊት ፋይሉን ከፍተው የሚፈልጉት ንጥረ ነገርና ማዕድን በውስጡ መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

በእጅ ሊረጋገጥ በሚችል ስሌት ይጀምሩ

የላብራቶሪ ውጤትዎን ለማስገባት አይቸኩሉ። መጀመሪያ መልሱን በወረቀትና በእስክሪብቶ ማግኘት የሚችሉትን ጥያቄ ለፕሮግራሙ ያቅርቡለት። ንጹሕ ውሃ ፍሎራይት የተባለውን የካልሲየምና የፍሎራይድ ማዕድን ቢያሟሟ የፍሎራይዱ መጠን የት ላይ ይቆማል?

በፋይሉ ውስጥ ሶሉሽን 1 ብለው ይጻፉ፤ ከሥሩ ሙቀት 25፣ ፒኤች 7 ያስገቡ። ቀጥሎ ኢኩሊብሪየም ፌዝስ 1 ብለው በሥሩ ፍሎራይት 0 10 ይጻፉ። የመጀመሪያው ቁጥር ውሃውና ማዕድኑ ሚዛን ላይ እንዲደርሱ ማዘዝዎ ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል ሞል ማዕድን እንዳለ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ኤንድ ብለው ያስኪዱት።

አሁን በእጅ ያስሉት። የፍሎራይት የመሟሟት ቋሚ ሎጋሪዝም በ25 ዲግሪ −10.6 ነው። አንድ ካልሲየም ከሁለት ፍሎራይድ ጋር ስለሚወጣ፣ ካልሲየሙን አንድ እጅ ብንለው ፍሎራይዱ ሁለት እጅ ነው፤ ስሌቱ ሲፈታ ፍሎራይዱ በሊትር 0.00037 ሞል፣ ማለትም 7 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ፍሪክሲ ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ፣ 7.4 አካባቢ ይሰጥዎታል። ልዩነቱ የፕሮግራሙ ስሕተት አይደለም። አዮኖች ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ በዚህም ኬሚካላዊ ጉልበታቸው ከመጠናቸው በጥቂቱ ያንሳል፤ በእጅ ስናሰላ ይህን ትተነዋል።

ይህች ትንሽ ልምምድ ሁለት ነገር ታተርፍልዎታለች። አንደኛ፣ ፕሮግራሙን በትክክል መጫንዎን አወቁ። ሁለተኛ፣ ንጹሕ ውሃ ፍሎራይትን ብቻ እያሟሟ ከ7 ሚሊግራም ብዙ ማለፍ እንደማይችል አዩ፤ ከፍሎራይዱ ጋር ካልሲየሙም አብሮ ስለሚያድግ ራሱን ያቆማል። ከዚህ በላይ ፍሎራይድ ያለው ጉድጓድ ሲገጥምዎ መጠየቅ ያለብዎ እንግዲህ ካልሲየሙ የት ሄደ የሚለውን ነው።

የላብራቶሪውን ውጤት ማስገባት

ከዚህ በታች ያለው ውሃ ለልምምድ ያዘጋጀሁት ነው፤ የአንድ የተወሰነ ጉድጓድ ልኬት አይደለም። ጠባዩ ግን በስምጥ ሸለቆ የተለመደው የሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ ነው። ሙቀት 28 ዲግሪ፣ ፒኤች 7.9፤ በሊትር በሚሊግራም ሲለካ ሶዲየም 230፣ ፖታሲየም 12፣ ካልሲየም 14፣ ማግኒዥየም 4፣ ባይካርቦኔት 600፣ ክሎራይድ 28፣ ሰልፌት 22፣ ፍሎራይድ 8።

እነዚህን በአዲስ ሶሉሽን ሥር ሲያስገቡ የልኬት አሃዱን በግልጽ ይጻፉ። ዝም ካሉ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በኪሎግራም ውሃ ሚሊሞል አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ 230 ሚሊግራም ሶዲየምዎ 230 ሚሊሞል ይሆንና የጉድጓዱ ውሃ ወደ ባሕር ውሃ የተጠጋ ጨው ይሆናል። ይህን ጉድለት ማንም ቶሎ ያየዋል። የሚያስቸግረው ሳይታይ የሚያልፈው ነው።

አልካሊኒቲን ይውሰዱ። ብዙ ላብራቶሪዎች ውጤቱን በባይካርቦኔት ይጽፋሉ፤ ሌሎች በካልሲየም ካርቦኔት። ፍሪክሲ ምንም ካልነገሩት በካልሲየም ካርቦኔት ነው ብሎ ያስባል። 600 ብለው ብቻ ካስገቡ 9.8 ሚሊኢኩቫለንት መሆን ያለበት አልካሊኒቲ 12 ይሆናል። ከቁጥሩ በኋላ አዝ የሚለውን ቃልና የባይካርቦኔትን ቀመር መጨመር ግድ ነው። ናይትሬትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው በናይትሮጅን ተለክቶ ነው፤ ላብራቶሪዎ በናይትሬት ከጻፈውና እርስዎ ካላሳወቁ ውጤቱ ከእውነተኛው ከ4 እጥፍ በላይ ያብጣል። ወረቀቱ በየትኛው እንደተጻፈ ግልጽ ካልሆነ ስልክ ደውለው ይጠይቁ፤ አይገምቱ።

ቀጥሎ ያስኪዱትና ወደ ማዕድናቱ ከመሄድዎ በፊት የውሃው መግለጫ በሚለው ክፍል ሥር የቻርጅ ስሕተቱን መቶኛ ይፈልጉ። ማንኛውም ውሃ ውስጥ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አዮኖች ቻርጅ እኩል ነው። ልኬቱ ትክክል ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። በምሳሌያችን ካታዮኖቹ (ፖዘቲቮቹ) 11.3፣ አናዮኖቹ (ኔጋቲቮቹ) 11.5 ሚሊኢኩቫለንት ገደማ ናቸው፤ ስሕተቱ −1 በመቶ እንኳን አይሞላም። አልካሊኒቲውን ያለ አዝ ብናስገባ ግን ስሕተቱ ወደ −9 ይዘላል። ያ −9 የአሃድ መሳሳት ድምፅ ነው።

በልምድ እስከ 5 በመቶ ያለውን እቀበላለሁ፤ ከዚያ ሲያልፍ ስሌቱን አቁሜ ወረቀቱን እመረምራለሁ። ፕሮግራሙ ቻርጅ የሚል ትእዛዝ አለው፤ ከአንድ ንጥረ ነገር ጎን ሲጽፉት ሚዛኑ እስኪገጥም የዚያን መጠን ያስተካክላል። ለጥሩ ትንተና የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። መጥፎ ትንተናን ለመሸፈን ሲውል ግን ያልተለካ ሶዲየም ወይም ክሎራይድ ፈጥሮ ሪፖርቱን ንጹሕ ያስመስለዋል። ሕዝብ ለሚጠጣው ውሃ ይህን አያድርጉ።

የሙሌት ጠቋሚውን ማንበብ

አሁን ወደ ሙሌት ጠቋሚዎች ዝርዝር ይውረዱ። ዜሮ ማለት ውሃውና ማዕድኑ ሚዛን ላይ ናቸው፤ ኔጋቲቭ ማለት ውሃው ገና ማሟሟት ይችላል፤ ፖዘቲቭ ማለት ከሚችለው በላይ ተሸክሟል። ቁጥሩ ሎጋሪዝም ስለሆነ 1 ማለት የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በአካባቢው ዓለት ውስጥ ሊኖሩ የማይችሉትን ማዕድናት ይለፏቸው። ፕሮግራሙ ያሉትንም የሌሉትንም ያሰላል፤ መምረጥ የጂኦሎጂ ዕውቀትዎ ሥራ ነው።

በምሳሌያችን ሦስት መስመሮች ይበቁናል። ፍሎራይት ዜሮ አካባቢ ነው፤ ማለትም ውሃው በዚህ የካልሲየም መጠን ሊይዝ የሚችለውን ፍሎራይድ ይዟል። የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን የሆነው ካልሳይት +0.3 ገደማ ነው፤ በጥቂቱ አልፏል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መስመር ደግሞ −2.1 ያህል ያሳያል። ይህ ለጋዝ ሲሆን የግፊቱ ሎጋሪዝም ነው። በባሕር ወለል የአየሩ −3.4 ገደማ ሲሆን ወደ 1,600 ሜትር በሚጠጋው በዝዋይ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ −3.5 ያህል ይሆናል። ስለዚህ የጉድጓዱ ውሃ ከአየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆበታል።

ይህ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ሊያበላሽ ስለሚችል እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አዲስ ኢኩሊብሪየም ፌዝስ ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝን በ−3.5 ያስገቡና ያስኪዱት። ፒኤቹ ከ7.9 ተነስቶ 9ን ያልፋል፤ የካልሳይት ጠቋሚም ከ1 በላይ ይወጣል። በግማሽ የተሞላ ጠርሙስ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች ይጨምራል፣ ካልሲየሙ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ላብራቶሪው በጥንቃቄ ቢለካም የሚለካው የጉድጓዱን ውሃ አይደለም።

ስለዚህ ፒኤችና ሙቀት የሚለኩት ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፓምፑ በደንብ ከሠራ በኋላ ነው። አልካሊኒቲም ቢቻል እዚያው ይለካ። ናሙናውን በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አጥርተው ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሙሉ፤ ለካታዮን የሚሆነውን በናይትሪክ አሲድ ይጠብቁት፤ ለአናዮን የሚሆነውን አሲድ አይንካው። ለፍሎራይድ የብርጭቆ ጠርሙስ አይጠቀሙ። ፍሪክሲ የተሳሳተ ፒኤች ቢሰጡትም ሳያቅማማ እስከ አራት አሃዝ ያሰላልዎታል፤ የአሃዙ ብዛት አያታልልዎ።

ካልሲየሙ የት ሄደ?

አሁን ወደ ጀመርነው ጥያቄ እንመለስ። ቀደም ባለው ስሌት ላይ ከጋዙ ሥር ካልሳይት 0 0 ይጨምሩ። ሁለተኛው ዜሮ መነሻ ላይ ማዕድኑ የለም፣ ሊዘቅጥ ግን ይችላል ማለት ነው። ውጤቱን ሲያዩ ካልሲየሙ በካልሳይት መልክ ወርዶ ከ1 ሚሊግራም ብዙም አይርቅም፤ የፍሎራይት ጠቋሚውም ከ−1 በታች ይወርዳል። ሚዛን ላይ የነበረው ውሃ አሁን ተጨማሪ ፍሎራይድ መሸከም ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ፍሎራይዱ ከፓሚስ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከሌሎች አሲዳማ የእሳተ ገሞራ ዓለቶች ይወጣል። ከጥልቅ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓለቱን እያሟሟ ባይካርቦኔትና ሶዲየም ያበዛል። ካልሲየሙ በካልሳይት ይዘቅጣል፣ ወይም ሸክላው ላይ ተይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቀቃል። ፍሎራይዱን የሚያስረው ካልሲየም ሲያልቅ የሚያስቆመው አይኖርም። መውጫ በሌላቸው በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች ትነቱ ሲጨመርበት መጠኑ ከጉድጓዶቹም እጅግ ይበልጣል።

እንግዲያው ካልሲየም ብንጨምርስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በሞዴል ይሞክሩት። ሪአክሽን የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ካልሲየም ሰልፌት የሆነውን ጂፕሰም ለመጨመር ጂፕሰም 1 ብለው በቀጣዩ መስመር 1፣ 2፣ 5 እና 10 ሚሊሞል ደረጃዎችን ያስቀምጡ። በኢኩሊብሪየም ፌዝስ ካልሳይት 0 0 እና ፍሎራይት 0 0 ያስገቡ፤ ጋዙን ለዚህኛው ያውጡት።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል በእጅም መገመት ይቻላል። ፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም እንዲሆን በሚዛን ሕግ ነጻው ካልሲየም ብቻ በሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ መድረስ አለበት። መነሻችን 14 ነው። በዚያ ላይ በባይካርቦኔት በበለጸገው ውሃ ውስጥ የምንጨምረው ካልሲየም የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ካልሳይት ነው። 10 ሚሊሞል ጂፕሰም በሊትር 1.7 ግራም ነው፤ ይህም በሊትር ወደ 960 ሚሊግራም ሰልፌት ይጨምራል። ሰልፌት 250 ገደማ ሲደርስ ጣዕሙን የሚለይ ጠጪ አለ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውሃ ጂፕሰም ወይም ኖራ ብቻ ጨምሮ ፍሎራይድን ወደ ወሰኑ ማውረድ የማያዋጣ መንገድ ነው። በአካባቢው የተሞከሩት የአጥንት ከሰልና አልሙን ከኖራ ጋር የሚያጣምረው የናልጎንዳ ዘዴ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ናቸው፤ ፍሎራይዱን በገጽታቸው ላይ እየያዙ ያወጡታል። ፍሪክሲ ሰርፌስ በሚለው ክፍል ይህንንም ማስላት ይችላል፤ ነገር ግን ለሚጠቀሙበት ቁስ በላብራቶሪ የተለካ የመያዝ አቅም ይጠይቃል።

ሞዴሉ የማይነግርዎ

ሚዛን ማለት ፍጥነት አይደለም። ካልሳይት +0.3 ስላለ ዛሬ ቧንቧው ይደፈናል ማለት አይደለም፤ ብዙ ውሃ በዚህ ሁኔታ ሳያዘቅጥ ይቆያል። ፍጥነት ከፈለጉ ካይኔቲክስ የሚለው ክፍል አለ፤ የራሱን መረጃ ይጠይቃል። ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ አርሴኒክ ወይም ናይትሮጅን ሲሰሉ ደግሞ የኦክሲዴሽን ሁኔታው ወሳኝ ነው። ካልነገሩት ፕሮግራሙ የዚህን ሁኔታ መለኪያ፣ ፒኢን፣ 4 አድርጎ ይወስዳል፤ ለፍሎራይድ ይህ ለውጥ አያመጣም፣ ለአርሴኒክ ግን መልሱን ሊገለብጠው ይችላል።

ጨው ሲበዛ የተለመደው ዳታቤዝ ይዳከማል። አዮናዊ ብርታቱ ወደ ባሕር ውሃ ሲቃረብና ሲያልፍ ፒትዘርን ይጠቀሙ፤ በእሱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ግን ጥቂት ስለሆኑ የእርስዎ መኖሩን አስቀድመው ይዩ። በዳሎል ያለው ውሃ፣ ፒኤቹ ዜሮ አካባቢና ከዚያም በታች የሚወርደው እጅግ ጨዋማ ውሃ፣ የጀማሪ ልምምድ አይደለም።

ፋይልዎን ያስረክቡ

የመሰላል ምልክቱን (#) አስቀድመው የሚጽፉት ሁሉ ለፕሮግራሙ የማይታይ ማስታወሻ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ራስ ላይ የጉድጓዱን ስም፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቀን፣ ፒኤች የት እንደተለካ፣ አልካሊኒቲው በምን እንደተጻፈ፣ የዳታቤዙን ስምና የፕሮግራሙን እትም ይጻፉ። ብዙ ጉድጓዶች ካሉዎት ሰሌክትድ አውትፑት በሚለው ክፍል የሚፈልጓቸውን አምዶች ብቻ ወደ ሠንጠረዥ አውጥተው በኤክሴል ይክፈቷቸው።

ከዚያ ለአለቃዎ ወይም ለፕሮጀክቱ የሚያስረክቡት ሪፖርት ላይ የመግቢያ ፋይሉን አባሪ ያድርጉት። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሙሌት ጠቋሚ ሠንጠረዥ ብቻ የያዙ፣ ማንም እንደገና ሊያሰላቸው የማይችል ሪፖርቶች አሉ። የመግቢያ ፋይሉ ጥቂት መስመር ነው፤ ከርስዎ በኋላ ያንን ጉድጓድ የሚረከበው ባለሙያ ከፍቶ ያስኪደው፣ ይፈትሸው፣ ካስፈለገም ያርመው።